ቀስቱ ያየው

«ሦስት ጊዜ አየሁት» አለ ኦርቪል፣ ልጁ አርሊስ በጓሮ በር ገብታ የጫማዋን ጭቃ ስታራግፍ። «ሦስት ጊዜ! እንዴት ያለ እጅ ነው በይ! ትንፋሽ እንኳን አይሰማም።»

አርሊስ አንድ እግሯን ከጫማው እንዳወጣች ቆማ ቀረች። ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ትናንት ማታ፣ ብዙ ካመነታች በኋላ፣ ቀስቷ ላይ በገጠመችው ካሜራ የቀረጸችውን የመጀመሪያ ቪዲዮዋን ወደ አባቷ ስልክ ልካለት ነበር።

«ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ብርሃኑም ደከም ብሎ ነበር።»

«ምኑ ነው የሚንቀጠቀጠው? ድንጋይ ናት እንጂ! ዴላ መቼ ተንቀጥቅጣ ታውቃለች?»

አርሊስ ጫማዋን አውልቃ ከግድግዳው ሥር አስተካክላ አስቀመጠች። ለማስተካከል ከሚያስፈልገው በላይ ጊዜ ወሰደባት።

«እኔም ልኬልህ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«አንቺ? ምን?» ኦርቪል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ስልኩን አገላበጠ። «እ፣ ይኸው መጥቷል። አየዋለሁ፣ አየዋለሁ። የዴላን ልጨርስና።»

ኦርቪል ሰባ አራት ዓመቱ ነው። የዳሌው አጥንት በቀዶ ጥገና ከተቀየረ ወዲህ ዛፍ ላይ ወደ ተሰቀለው የአደን ማማ ወጥቶ አያውቅም። በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ኮረብታዎች መካከል አርባ መኸር በቀስት አድኖ፣ አሁን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የሌሎችን አደን በስልክ ያያል። ከሌሎች ሁሉ ደግሞ የታናሽ ልጁን። ዴላ ስልሳ ሺህ ተከታይ አላት። ቀስት ሠሪዎች ኮፍያና ጃኬት በነጻ ይልኩላታል። አርሊስ የወተት መኪናዋን አቁማ ነዳጅ ስትቀዳ ሰው የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የዴላ እህት አይደለሽም?»

ነኝ ትላለች። ግን ያቺን ዴላን ቀስት መለጠጥ ያስተማረቻት ማን እንደሆነ አትናገርም። አባታቸው በላሞቹ ሥራ ተጠምዶ ሳለ፣ ከኋላዋ ቆማ ክርኗን ቀና ያደረገችላት፣ ማማው ላይ እንዳትወድቅ ቀበቶዋን ያሰረችላት አርሊስ ነበረች። አሁን ዴላ በቪዲዮዎቿ ላይ «አባቴ እንዳስተማረኝ» ትላለች። ያቺ ቃል በተነገረች ቁጥር አርሊስ አንጀቷ እርር ይላል።

እሑድ ራት ላይ፣ የአጋዘን ቋሊማውን እየቆረጠ ኦርቪል አንድ ነገር ተናገረ። በጫካቸው ውስጥ ሦስት መኸር ያመለጣቸው ትልቅ ወንድ አጋዘን ነበር። የግራ ቀንዱ ጫፍ ለሁለት ስለተሰነጠቀ ሹካው ይሉታል።

«እኔ ከእንግዲህ ሹካውን ከማማ ላይ አላየውም» አለ ኦርቪል። «በዚህች ስልክ ግን ሳላየው አልሞትም። ማን እንደሚያሳየኝ እንጃ።» እንጃ ያለው ለወጉ ነው። ዓይኑ ዴላ ላይ ነበር።

«አርሊ ታሳይሃለች» አለች ዴላ አፏ ሙሉ እንደሆነ። «ካሜራዋን ማብራት ከቻለች!»

«አንቺን ቀስት ማስያዝ ከቻልኩ እሱ አያቅተኝም።»

«ኧረ ተይኝ! የኔን ብታይ ታዝኚልኛለሽ። ፍላጻው በተለቀቀ ቁጥር ቀስቱ እጄ ላይ ይዘልና ሰማይ ነው የሚቀርጸው። መታሁ ሳትኩ፣ እኔም የማውቀው ሄጄ ሳየው ነው።»

ሁሉም ሳቁ። አርሊስም ሳቀች።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሁለቱ እህቶች ጫካው ጫፍ ላይ ተለያዩ። ዴላ ወደ በቆሎ ማሳው ማማ፣ አርሊስ ጅረቱን ተሻግራ ወደ ራሷ ማማ። አርሊስ ወጥታ ቀበቶዋን አሰረች፤ ስልኳን ዘጋች፤ ከቀስቷ ፊት በብሎን የታሰረችውን አውራ ጣት የምታክል ካሜራ ፈተሸች። አዝራሩ አንድ ነው፤ ሲጫኑት ይበራል፣ ደግመው ሲጫኑት ይጠፋል። ቀዩ መብራት ያለው ከፊት በኩል ስለሆነ የሚያየው አጋዘኑ እንጂ አዳኙ አይደለም። ተጫነችው፤ ጎንበስ ብላ መብራቱን አየች፤ እሺ ብላ ቀስቷን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችው። መልሳ ማጥፋቱን ግን ረሳች።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ሹካው ነበር። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ ቀኝ ጎኑን ሰጥቷት ይመጣል። አርሊስ ቀስቱን ከቅርንጫፉ አወረደች፤ አዝራሩን ተጫነች። «አባዬ፣ አሁን እየኝ» አለች በልቧ። ለጠጠች፤ ትንፋሿን ያዘች፤ ለቀቀች።

ሹካው አንዴ ዘለለ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሮጠና በግራ ጎኑ በኩል ግንድ ተደግፎ ወደቀ።

አዝራሩን መልሳ ተጫነች። የአዳኞች ሕግ ወደ ወደቀ አጋዘን ከመቅረብ በፊት ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነውና ጠበቀች። ወርዳ ሄደች። ቀስቷን ፊት ለፊት ካለ ዛፍ ጋር አስደግፋ፣ ሁለቱን ቀንዶች ይዛ አጋዘኑን ገለበጠችው።

በግራ ጎኑ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ሥር፣ የተሰበረ ፍላጻ ተሰክቶ ነበር። የቀረው ጫፍ ላይ ብርቱካናማ ላባ አለ። የአርሊስ ላባ ነጭ ነው። ብርቱካናማው የዴላ ነው።

የቤቱን ደንብ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ለማንበብ አይቸገርም። በኦርቪል ቤት አጋዘን የሚሆነው የመጀመሪያውን ገዳይ ፍላጻ ለሰደደው ሰው ነው፤ ሌላው የቀረውን ቢጨርስም የሚደርሰው መጎተት ብቻ ነው። ፍላጻው ጉበት ገብቷል። የሹካው አንገት መድፋት፣ ያ መድከሙ ሁሉ፣ ከንጋት ጀምሮ እየሞተ ስለነበር ነው።

አርሊስ ተንበረከከች። «ይሄንንም?» አለች፤ ድምፅ አውጥታ። «ይሄንንም ልትወስጂብኝ?»

ፍላጻውን ነቅላ አወጣችው። ከግንዱ ሥር ያለ ጉድጓድ ውስጥ ከትታ ቅጠል አለበሰችው። የራሷ ፍላጻ ከቀኝ ገብቶ እውስጥ ቀርቷል፤ እሱንም ሳበችው። አሁን ለሚያይ ሁለት ቀዳዳ ነው፣ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ። ማን ይጠይቃል? አጋዘኑ የሷ መሆኑን የሚመሰክረውን የአደን ፈቃድ ወረቀቷን ሹካ በሆነው ቀንድ ላይ አሰረችና ስልኳን ከፍታ ደወለች።

ዴላ እየሮጠች መጣች። አጋዘኑን ስታይ አፏን ያዘች፤ ከዚያ አርሊስ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አንቺ ጅብ! አንቺ ዝምተኛ ጅብ! አገኘሽው!» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ንጋት ላይ እኔ ጋ መጥቶ ነበር እኮ። ለቀቅኩበት። ጥቂት ጠብታ ደም አየሁና ጠፋኝ። ለአባዬ ብደውልለት እስከ እኩለ ቀን አትከተዪው አለኝ።»

«ጭረሽው ይሆናላ» አለች አርሊስ አጎንብሳ ገመድ እየፈታች።

«ይሆናል። ቪዲዮው ያው ሰማይ ነው።» ዴላ አጋዘኑን ደባበሰችው። «ስልሳ ሺህ ሰው ፊት ሳትኩት ልበል እንግዲህ። ደግ አደረግሽ፣ አርሊ። ሲሰቃይ ከሚውል።»

እስከ ቤት እየጎተቱ ዴላ ቀለደች፣ አርሊስ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አጥብቃ ሳበች። ስንት ዓመት የጠበቀችው ነገር ነበር፣ ዴላ ሳትኩ ስትል መስማት። አሁን ስትሰማው ግን አፏ ውስጥ ምንም ጣዕም አልነበረውም።

ኦርቪል በረንዳው ላይ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሹካውን ሲያይ አርሊስን ትከሻዋን ያዛት፤ አጥብቆ።

«የካሜራውን ካርድ» አለ። «ካርዱን አምጪ። ተቀምጬ ነው የማየው።»

አርሊስ ከካሜራው አውጥታ ሰጠችው። ያን ጊዜ ሌላው ነገር ሁሉ ጠፍቷት ነበር፤ የታያት የአባቷ እጅ ብቻ ነው፣ ካርዱን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ሲይዘው።

እህትማማቾቹ ጋራዡ ውስጥ አጋዘኑን ሰቀሉት። አርሊስ ቢላዋ እየሳለች ጆሮዋን ወደ ወጥ ቤቱ ጣለች። ኦርቪል ሲደሰት ጠረጴዛ ይደበድባል። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ አለፈ። ምንም አልተሰማም። ቢላዋውን አስቀምጣ ገባች።

ኮምፒውተሩ ተከድኗል። ኦርቪል መነጽሩን አውልቆ እጁ ላይ ይዞታል።

«አልቀረጸም?» አለች አርሊስ።

«ቀርጿል።»

«ታዲያ?»

«ገልብጠሽ ነው የተጫንሽው። ሹካው ሲመጣ አጠፋሽው። ከወደቀ በኋላ ከፈትሽው።»

አርሊስ ቀስቱን የቱ ዛፍ ላይ፣ የካሜራውን ዓይን ወዴት አዙራ እንዳስደገፈችው ታወሳት። የያዘችው ወንበር ጀርባ እጇ ውስጥ ቀዘቀዛት።

«ሦስት ጊዜ አየሁት» አለ ኦርቪል።

ከጋራዡ የዴላ ፉጨት ይሰማል። ኦርቪል ካርዱን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ከአርሊስ በኩል አስቀመጠው።

«እሷ አላየችም። እኔ አላሳያትም፤ አልነግራትምም» አለ። ወደ መስኮቱ እያየ ቀጠለ። «የመጀመሪያ ቪዲዮሽንም ዛሬ አየሁት፤ ጠዋት፣ ከወጣችሁ በኋላ። ቀስት የምትይዢው እንደኔ ነው። ለካ ዴላም አያያዟ ያንቺ ነው፤ ልብ ብዬው አላውቅም። ስትመጪ ልነግርሽ ነበር።»

አርሊስ ካርዱን አላነሳችም። ጫማዋን አጥልቃ፣ ጅረቱን ተሻግራ ወደ ጫካው ተመለሰች፤ ከግንዱ ሥር ቅጠሉን ገልጣ የተሰበረውን ፍላጻ አወጣች፤ ወደ ጋራዡም መጥታ ዴላ እጅ ላይ አስቀመጠችው።