የእማማ እንጉዳይ ንቅሳት

የወረታው ፎቶ አንሺ አያልነህ ሥራው ሲነቀፍበት ደሙ ይፈላል። ስለዚህ እማማ እንጉዳይ የሩዝ ማሳው ጭቃ ከጫማቸው ሳይራገፍ፣ ትናንት የወሰዱትን ፎቶ ይዘው ሲመለሱ ገና ሳይናገሩ ተቆጣ።

«ደግሞ ምን ጎደለው?»

«አንገቴ ነዋ። ንቅሳቴን የት አደረስኸው?»

«አጠፋሁልዎት። ያን ሁሉ መስመር በኮምፒውተር ስጠርግ ነው የዋልሁት። ሃያ ዓመት ቀነሱ እኮ።»

«ማን ቀንስልኝ አለህ? በእሾህ ስወጋ ያነባሁበት ጌጤ ነው። ባሌ ፎቶውን አይቶ ‹ይቺ የማን ምሽት ናት?› አለኝ። በዚህ ዕድሜው ልጃገረድ ልትድርብኝ ነው?»

አያልነህ ኃይለኛ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሳቅ ቀደመው። የመጀመሪያውን ፎቶ ደግሞ ከኮምፒውተሩ አጥፍቶታል፤ ስለዚህ እንደገና ሊያነሣቸው መብራቱን አበራ። እማማ እንጉዳይ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አድርገው እንደ ሙሽራ ተቀመጡ።

«በሉ ፈገግ ይበሉ» አላቸው፤ ኩርፊያው ገና አልለቀቀውም።

ፈገግ ሲሉ የተነቀሰው ድዳቸው ጠቁሮ ብቅ አለ። አያልነህ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደሙት።

«እሱም ቆሻሻ አይደለም፤ እንዳትጠርገው።»