ለቁራሌው እሰጥሻለሁ

አሮጌ ዕቃ የሚገዛውን ቁራሌው ለልጄ ጭራቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልከስም። የአምስት ዓመቷ ሊዲ አልበላም ስትል «ብይ፣ አለዚያ ለቁራሌው እሰጥሻለሁ» እላታለሁ። እናቴም እኔን እንዲሁ ትለኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም በበራችን ሲያልፍ ጠርቼ «ይቺን እምቢተኛ ትወስዳታለህ?» አልኩት። ሰውየው ጨዋታ ይወዳል፤ ማዳበሪያውን ከፈት አድርጎ «ትገባለች» አለ። ተሳሳቅን። ሊዲ ያን ቀን ሳህኗን ሙልጭ አድርጋ በላች፤ እኔም ዘዴዬ ሠራልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የፍርፍር ሳህኗን ታቅፋ ቁጭ ብላለች። «ዛሬስ እውነቴን ነው፣ ይመጣል» አልኳት። እውነትም የተሰበረ ወንበርና የተቃጠለ ቬንትሌተር ልሸጥለት ጠርቼው ነበር። መጣ። እሱ ወንበሩን ሲያገላብጥ እኔ ቬንትሌተሩን ላመጣ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ሊዲ የለችም።

የግቢው በር ብርግድ ብሎ ተከፍቷል። ከበራችን ሠላሳ እርምጃ ወረድ ቢባል አስፋልቱ ነው፤ የጅቡቲ ተሳቢዎች ሳያቋርጡ ይበሩበታል። እየጮህኩ ወጣሁ። ጎረቤቴ ገላኔ በአንድ በኩል፣ ባጃጅ ነጂዎቹ በሌላ በኩል ፈለጉ። ከሁሉም በላይ የሮጠው ግን ቁራሌው ነው። ማዳበሪያውን ግቢያችን ጥሎ፣ ቱቦ ለቱቦ እያጎነበሰ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው በዚያ ድምፁ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም «ሊዲ! ኮቱ! ነይ!» ይላል። ነፋሱ አቧራውን ዓይኔ ውስጥ ይሞጅረዋል። ተሳቢ ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ አስፋልቱ እሮጣለሁ።

ግማሽ ሰዓት ፈልገን ባዶ እጃችንን ግቢ ተመለስን። ቁራሌው ላቡን እየጠረገ ማዳበሪያውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን።

«እህቴ፣ የምትሸሸው እኮ እኔን ነው» አለ። «እኔ እየጠራኋት እንዴት ትወጣለች?»

አፈርኩ። በስሙ እንኳን ልጠራው አልቻልኩም፣ አላውቀውማ።

«እየጮህኩ ልሂድ። ድምፄ ሲርቅላት ትወጣ ይሆናል።»

ማዳበሪያውን አንስቶ «ቁራሌው... ቁራሌው...» እያለ ወደ አስፋልቱ ወረደ። እኔና ገላኔ ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን። ድምፁ በባጃጆቹ ጩኸት ተውጦ ሲጠፋ፣ ከጓሮ የዶሮው ቤት ቆርቆሮ ተንኳኳ።

ሊዲ በደረቷ እየተሳበች ወጣች። ፀጉሯ ላባ በላባ ሆኗል። ጉንጯ በፍርፍር ተወጥሮ፣ መዋጥ አቅቷት እንባዋ ይወርዳል። ላቅፋት እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸች። መጀመሪያ ሳህኑን አሳየችኝ፤ ባዶ ነው። የመጨረሻዋን ጉርሻ እንደምንም ዋጠች።

«ጨርሻለሁ፣ እማ» አለች። «አትስጪኝ።»