ብቻዋን ያነበበችው ደብዳቤ

ደብዳቤው የመጣው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። እናትየው በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ገብታ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ተንኳኳ። አንድ መልእክተኛ ሞተር ብስክሌቱን ሳያጠፋ ቆሞ የልጇን ስም ጠራና "የሚቀበል ሰው አለ?" አላት።

"እኔ አለሁ። እናቷ ነኝ።"

ሰውዬው ከእግር እስከ ራሷ አያትና እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደ። ምን ሊያወጣ እንደሆነ ገባት። የአውራ ጣት ቀለም ነው።

"ተወው ልጄ፣ እስክሪብቶውን ስጠኝ" አለችና ከስሟ መጨረሻ ጅራት የምታወርደውን ፊርማዋን አሳምራ አኖረችለት።

"ይቅርታ እናቴ" አለ መልእክተኛው፣ አፈር ብሎ። እሷ ግን ሞተሩ መንገዱን ታጥፎ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ፈገግታዋ ከፊቷ አልወረደም።

ፖስታውን ስታገላብጠው ከቪዛ ማመልከቻ ቢሮ የተላከ ነው። ልጇ ይሄንን ፖስታ ስትጠብቅ ሁለት ወር አልፏታል። ልጅቷ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ ትሞርዳለች። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የሕፃናት መነጽር አሠራር ለዐሥር ወር ሊያስተምራት ተቀብሏታል። ቦታው አንድ ብቻ ነው። ትምህርቱ በሚጀመርበት ቀን ቪዛዋን ይዛ ካልተገኘች ለተጠባባቂው ይሰጣል። ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "እማዬ፣ ዛሬም የለም?" ትላለች። "የለም የኔ እናት" ትላታለች እናትየው።

ልጅቷ እስክትመጣ መጠበቅ ነበረባት። ነገር ግን ይህች ሴት በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ አንድም ቀን ፖስታ ከፍታ ብቻዋን አንብባ አታውቅም። ወደ ጎልማሶች ትምህርት ከገባች ገና ዓመት ከመንፈቅ ነው። አንደኛ ክፍሎች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አገጯ ድረስ አጥፋ ነው የተማረችው። "ሰሌዳው ይንቀጠቀጥብኛል" ብላ ልታቋርጥ ስትል መነጽር ሞርዳ ዓይኗ ላይ ያደረገችላት ይህችው ልጅ ናት። ያን መነጽር አደረገችና ፖስታውን በቢላ ከፈተችው። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች፣ ድምፅ እያወጣች አነበበች።

"ዋሷ በቅጹ ላይ ያኖሩት ፊርማ፣ በቤት ባለቤትነት ደብተሩ ላይ ካለው የአውራ ጣት አሻራ ጋር ስላልተገናዘበ ማመልከቻው ቆሟል። ዋሷ ይህ ደብዳቤ በደረሳቸው በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ።"

ሁለተኛ አነበበችው። ሦስተኛ ላይ መነጽሩን አወለቀች። ዋሷ እሷ ናት። ቤቱም የእሷ ነው። ባሏ ሲሞት ቤቱን በስሟ ስታዞር መዝገቡ ላይ አውራ ጣቷን ነው ያተመችው። ያኔ ሐምራዊውን ቀለም ሰው እንዳያይባት ጣቷን በመዳፏ ውስጥ ጨብጣ ሳምንት ከርማለች።

ልጅቷስ አስጠንቅቃት ነበር። ቅጹንና ቀለሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "እማዬ፣ ደብተሩ ላይ እንዳለው ጣትሽን አድርጊበት፣ ከዚያ ፖስታው ውስጥ ከተሽ አሽጊው" ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች። እናትየው ቀለሙን አየችው፤ እስክሪብቶውንም አየችው። በዚያው ሰሞን ፊርማዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ፣ ከጎኗ የሚቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ ክፍሉን በሳቅ ሞልተውት ነበር። "በቃ! ከዛሬ ጀምሮ የዚህች ሴት አውራ ጣት ጡረታ ወጥታለች!" ብለው። የልጇ የጉዞ ወረቀት ላይ ደግሞ እንደ ድሮዋ ጣቷን ታድርግ? ፈረመች። ማታ ልጅቷ "አደረግሽው?" ስትላት "አድርጌዋለሁ" አለች። ውሸት አልመሰላትም ነበር።

አሁን ደብዳቤውን በደብተሯ ውስጥ አጠፈችው፤ ደብተሩንም ከልብስ ሳጥኗ ሥር ሸሸገችው። ልትደብቀው አልነበረም ሐሳቧ። ነገ መዝገብ ቤት ሄዳ አሻራዋን በፊርማ አስለውጣ፣ ማስረጃውን ይዛ ቪዛ ቢሮ ቀርባ፣ ልጅቷ ሳትሰማ ነገሩን ልትጨርስ ነው። "እማዬ፣ ዛሬም የለም?" ሲባል "የለም" አለች። ይሄኛው ውሸት ነበር፤ ታውቀዋለች።

ማክሰኞ መዝገብ ቤቱ ለቆጠራ ተዘግቶ ቆያት። ሐሙስ የመዝገብ ሠራተኛው "ሁለት ምስክር ያምጡ እናቴ" አላት። በሳምንቱ ሰኞ ዘበኛውንና የማጠቢያ ክፍል አለቃዋን ለምና ይዛ ሄደች። ሠራተኛው ሦስቱንም አስፈረመና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከቶ "እንግዲህ አንድ ወር ይፈጃል" አለ።

"አንድ ወር?"

"ከቶሎም ቶሎ ነው።"

ዘበኛው መንገድ ላይ "እህቴ፣ ምንድነው እንዲህ ያስቸኮለሽ?" ቢሏት "እንዲያው ነው ጋሼ" ብላ አለፈቻቸው። ያን ዕለት ማታ ለልጇ መንገር ነበረባት። ገና ስምንት ቀን ቀርቷታል። ግን ልጅቷ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ዘርግታ ሹራቦቿን ስትደረድር ስላገኘቻት፣ አፏን ከፍታ "ይሄ ወፍራሙ ከታች ይሁን" ብላ ዘጋችው። ነገ እነግራታለሁ አለች። ነገም ነገ አለች። ሥራ ቦታ አንሶላ ስታጥፍ ማእዘኑ አልገጥም ይላታል። ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ተወች።

ከሁሉም የከፋ ደግሞ አንድ ነገር ነበር። ዐሥራ አምስተኛው ቀን ባለፈ ማታ፣ ልጅቷ የበሩን ቁልፍ ስታዞር ሰምታ ልቧን ደስ አለው። ዛሬም ቤቴ ገባች አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ ከራሷ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘች ያህል ደነገጠች።

ዐሥራ ሰባተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ልጅቷ ያለ ሰዓቷ ገባች። ቦርሳዋን አላስቀመጠችም።

"እማዬ፣ ደብዳቤ ተቀብለሽ ነበር እንዴ?"

የእናትየው ዓይን ወደ ልብስ ሳጥኑ ሄደ።

"ቢሮው ሄጄ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ልከናል አሉኝ። አልደረሰኝም ብዬ ስጣላ የተቀበለውን ሰው ፊርማ አወጡልኝ። ያቺ ባለ ጅራቷ ፊርማሽ!" ልጅቷን ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ነው። "የውሃ ቢል መስሎሽ ነው አይደል? ከሌላ ወረቀት ጋር አስቀምጠሽው ነው። ኧረ የኔ ጥፋት ነው። ገና እየተማርሽ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ሲመጣ ይህን ይመስላል ብዬ እንኳ አላሳየሁሽም። አላነበብሽውም፣ አይደል?"

የማምለጫው በር ተከፍቶላታል። "አዎ" ማለት ብቻ ነው። ማንበብ የማትችል እናት ወረቀት ተምታታባት፤ ማን ይፈርድባታል? ልጅቷ ራሷ ጥፋቱን ተሸክማላታለች። እናትየው ያንን ባየች ጊዜ ተነሣች። ከሳጥኑ ሥር ደብተሯን አወጣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ከሻንጣው አጠገብ ተቀመጠችና ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችላት። አንድ ቦታ እንኳ አልተደናቀፈችም። ዐሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ስታነበው ከርማለችና።

ልጅቷ አሁን ቦርሳዋን አስቀመጠች።

"ቀኑንም አንብበሽው ነበር?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"በመጣ ዕለት።"

"በመጣ ዕለት! ታዲያ ሹራቤን ስታሳጥፊኝ..."

"ላስተካክለው ብዬ ነው ልጄ። ጣትሽን አድርጊ ብለሽኝ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ። መዝገብ ቤት ሄጄ..."

"እማዬ፣ ብትነግሪኝ በማግስቱ ቪዛ ቢሮ አብረን እንሄድ ነበር እኮ። አንድ ቀን ነው የሚፈጀው። አንድ ቀን!" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እንዳልሄድ ፈልገሽ ነው?" አለቻት።

"አይደለም" አለች እናትየው። ቀጥላም፣ መዋሸት ሰልችቷት፣ "አንዳንድ ማታ ስትገቢ ደስ ይለኝ ነበር" አለች።

ልጅቷ ሻንጣውን ከአልጋው ላይ አነሣችና ግድግዳው ሥር አቆመችው። ያን ማታ ሌላ ቃል አልወጣትም። ብትጮህብኝ በተሻለኝ አለች እናትየው።

ዓርብ ጠዋት አብረው ሄዱ። እናትየው መነጽሯን ቤት ትታ ወጣች። ዓይኗ ላይ ልታደርገው አፍራ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ልጅቷ በመስኮት ውጭ ውጭ ታያለች።

ቪዛ ቢሮው ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰልፈው መስኮቱ ዘንድ ደረሱ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ ፋይሉን አገላበጠችና ራሷን ነቀነቀች።

"ቀኑ አልፏል።" ወደ እናትየው አየች። "እርስዎ ነዎት ዋሷ? ማንበብ ይችላሉ?"

"ለምን ጠየቅሽ?" አለች ልጅቷ።

"ዋሷ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ቀኑ አይቆጠርባቸውም። እዚህች ላይ አሻራቸውን ያደርጋሉ፣ ፋይሉ ዛሬውኑ ይቀጥላል፣ በስድስት ቀን ይደርስልሻል። የሚችሉ ከሆነ ግን ለምን እንደዘገዩ በጽሑፍ ያስረዱና አንቺ እንደ አዲስ ታመለክቻለሽ።" የቀለሙን ዕቃ በመስኮቱ ሥር ገፋ አደረገችላቸው።

ትምህርቱ ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እናትየው አላመነታችም። አንድ ጣት ምን አላት? እንኳን አንዱን ዐሥሩንም ትሰጣለች። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና አነሣች።

"ታነባለች" አለች ልጅቷ።

"ልጄ፣ ዝም በይ፣ ላድርገው!"

"አታደርጊም።" ልጅቷ ከቦርሳዋ መነጽሩን አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና ሰጠቻት። "ጠረጴዛው ላይ ረስተሽው ነው የመጣሽው።"

"ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል እኮ! እኔን ብለሽ ነው?"

"የሠራሁት መነጽር ነው፣ እማዬ። አላይበትም ብለሽ አሻራሽን ልታኖሪብኝ ነው? ከርሞ እንደገና አመለክታለሁ።" ድምፅዋ ግን መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀ። እናትየው ስንጥቁን ሰማችው፤ ከዚያ ወዲህ ከጆሮዋ አልወጣም።

ሠራተኛዋ አንድ ነጭ ወረቀት ሰጠቻት። እናትየው መስኮቱ ላይ ተደግፋ መጻፍ ጀመረች። የተነከረው አውራ ጣቷ ወረቀቱን ዳር ዳሩን ሐምራዊ አደረገው። ከኋላ የተሰለፈ ጎረምሳ "ኧረ እትዬ፣ መጽሐፍ ነው እንዴ የሚጻፈው?" አለ።

ልጅቷ ዞር አለችበት። "ጠብቅ። እናቴ እየጻፈች ነው።"

እናትየው እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ደብዳቤው ሰኞ ዕለት ደርሶኛል። ብቻዬን አንብቤዋለሁ። ልጄ አላወቀችም። የደበቅሁት እኔ ነኝ።" ከሥሩ ፈረመች። ፊርማውን ጅራት ልታወርድለት አልፈለገችም፤ እጇ ግን ስለለመደ አወረደው።

ወጥተው አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆሙ። ቀለሙ ከጣቷ አልለቀቀም። አልጨበጠችውም፤ ያየ ይየው ብላ እጇን ዘርግታ ቆመች። ልጅቷ አውቶቡሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ እያየች ነው።

"ዛሬ ትምህርት አለሽ አይደል?" አለች፣ ሳትዞር።

"አለኝ።"

"እንዳትቀሪ።"