ሦስት ቀን ብቻ

ማስተዋልና ፈንታነሽ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ የገሳይ መንደር ልጆች ናቸው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርሱ አባቶቻቸው ተማክረው ደብረ ታቦር ላይ አንዲት ክፍል ተከራዩላቸው። አንዷ ውኃ ስትቀዳ ሌላዋ ሽሮውን ትጥዳለች። አልጋቸው አንድ ነው፤ የሚለብሱት ጋቢም አንድ። አከራያቸው እንኳ አንዷን በሌላዋ ስም እየጠሩ ይሳሳቱ ነበር።

ጓንጉል የመጣው አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገቡ በጥር ነው። ነጭ ጋውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀረባቸውና፣ የዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪ ነኝ አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ሲስቅ ዓይኑን ይጨፍናል። ፈንታነሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልቧ ጠፋ። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እሱ ጋ፣ ቅዳሜ እሱ ጋ ሆነች።

አባቷ ጋሼ ይሻው ሲደውሉ ስልኩን የምታነሳው ማስተዋል ነበረች።

«ቤተ መጻሕፍት ናት ጋሼ። ስልኳን እኔ ጋ ትታው ነው።»

«ይሁን ልጄ። አንቺ አብረሻት ካለሽ እኔ ምን ያሰጋኛል?» ይሏታል። ማስተዋል ስልኩን ስታስቀምጥ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ይግላል። ግን ጓደኛዋ ናት፤ ምን ታድርግ?

ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ማስተዋል ስንቅ ልታመጣ ወደ ገሳይ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከፊቷ ጓንጉል ተቀምጧል። ጎኑ አንዲት ሴት አለች፤ ጭኑ ላይ የሦስት ዓመት የምትሆን ልጅ። ልጅቱ አገጩን እየሳበች «አባዬ፣ እየኝ እንጂ!» ትለዋለች። ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የልጅቱን ሻሽ አስተካከለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ማስተዋል ተመልሳ የበሩን መዝጊያ እንኳ ሳትዘጋ ለፈንታነሽ ነገረቻት።

«እህቱ ትሆናለች» አለች ፈንታነሽ።

«ልጅቱ አባዬ አለችው እኮ!»

«ሕፃን ያየችውን ሁሉ አባዬ ትላለች።» ፈንታነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። «እኔ የገረመኝ አንቺ ነሽ። እንዲህ የሚያንገበግብሽ ለምንድን ነው? ከመጀመሪያውም ዓይንሽ እሱ ላይ ነበር።»

ዐሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ያለ ቃል በመካከላቸው ተነግሮ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ፈንታነሽ ልብሷን በፌስታል ቋጠረች። ጓንጉል ከቤተሰቦቹ ጋር ሊያስተዋውቀኝ ነው አለች። ማስተዋል በሩ ላይ ቆመችባት፣ እጇን ያዘቻት፣ አለቀሰችባት።

«ሦስት ቀን ብቻ» አለች ፈንታነሽ። «አባዬ ከደወለ ፈተና ላይ ናት በይ። ከነገርሽው ይገድለኛል። ማሪያምን፣ አትናገሪብኝ።»

ማስተዋል አልተናገረችም። ሦስቱ ቀን አለፈ፤ የፈንታነሽ ስልክ ተዘግቷል። አምስተኛውም አለፈ። በየቀኑ ነገ ትመጣለች እያለች፣ ጋሼ ይሻው በእሷ ስልክ ሲደውሉ ፈተና ላይ ናት፣ ጉንፋን ይዟት ተኝታለች ትላለች። በዘጠነኛው ቀን ጋሼ ይሻው የገብስ ቆሎና ድንች ይዘው ራሳቸው በር ላይ ቆሙ። ባዶውን አልጋ አዩት።

«ዋሽቼዎታለሁ ጋሼ» አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

ፈንታነሽ የተገኘችው ወረታ ከተማ፣ አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ጓንጉል ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጥቶ ከቀረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም አያውቀውም።

በሆሳዕና ሰሞን ማስተዋል ገሳይ፣ ጋሼ ይሻው ግቢ ሽማግሌዎች ፊት ተጠራች። አባቷ ሞላ ከጎኗ ተቀምጠዋል። ፈንታነሽ ምሰሶው ሥር ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ስባ አንገቷን ደፍታለች።

«ከሰውዬው ጋር ማን አገናኘሽ?» አሏት አንዱ ሽማግሌ።

ፈንታነሽ ቀና ሳትል፣ «ማስተዋል» አለች።

ማስተዋል የሰማችውን ማመን አቃታት። «እኔ? ፈንቴ፣ እኔ?» ከዚያም ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ ሕፃኗ፣ በሩ ላይ ስለ መቆሟ ሁሉንም ተንተባትባ ተናገረች።

ጋሼ ይሻው እስክትጨርስ ጠበቋት። አልተቆጡም። «ልጄ፣ የትኛውን ልመን? ዘጠኝ ቀን ሙሉ የነገርሽኝን ወይስ የዛሬውን?»

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ዕቃሽን ከደብረ ታቦር አምጪ፤ ትምህርቱ ይብቃሽ።» ለመልቀቂያ ፈተናው የቀረው ጥቂት ወር ነበር።

በፋሲካ ማግስት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ሴቶቹ ሲበተኑ ፈንታነሽ ከማስተዋል ኋላ ደረሰች።

«ወድጄ ሄድኩ ካልኩ ጉና ተራራ ላይ ለሚኖር፣ ሚስቱ ለሞተችበት ሰውዬ ሊሰጡኝ ነበር» አለች እያንሾካሾከች። «ጓደኛዬ አታለለችኝ ካልኩ ይተዉኛል ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።»

ማስተዋል ልትሰድባት ተዘጋጅታ ነበር የከረመችው። የፈንታነሽ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ስታይ ግን ቁጣው ከየት እንደሚነሳ ጠፋት። «ታዲያ ተዉሽ?» አለቻት።

ፈንታነሽን እናቷ ጠሯት።

አልተዉዋትም። በሁለተኛው ሳምንት ለዚያው ለጉናው ሰውዬ ዳሯት። ማስተዋልን ለሠርጉ የጠራት አልነበረም። የራሷ እናትም እንዳትወጣ ከልክለዋት ነበር፤ እሷ ግን ወጥታ መንገዱ ዳር ካለው ቁልቋል ሥር ቆመች። ሙሽራዋ ፊቷን ተሸፍና በበቅሎ መጣች፤ ሰውዬው ከፊት፣ ሚዜዎቹ ከኋላ። ማስተዋል ስሟን ጠራች። ደግማም ጠራች። ከበሮውና እልልታው ዋጠው፤ በቅሎዋ ሽቅብ ወደ ጉና መንገዱን ያዘች።