ስኳሩን ማን አወረደው?

"መቶ አሥራ ሁለት!" ሰለሞን የስኳር መለኪያውን ወደ ላይ አንሥቶ ጮኸ። "እትዬ አዛለች፣ እልል አይሉም እንዴ? የዛሬ ወር እኮ ሁለት መቶ ስድሳ ነበር!"

እትዬ አዛለች እልል አላሉም። የተወጋ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ቁጥሩን አዩት። ልባቸው አላምን አለ።

ከቀየት ገጠር መጥተው መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሸጡበት ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ብስኩት በለስላሳ ሲያወራርዱ ኪሎው ከእሳቸው ጋር ተላመደ፤ ስኳሩም ተከትሎ መጣ። ሰለሞን ከደብረ ብርሃን "ስብ ያቀልጣል፣ ስኳር ያወርዳል" የሚለውን እንክብል ሲያመጣላቸው፣ "የጤና ጣቢያውን ኪኒን ይተዉት፤ ይኼ ብቻውን ይበቃል" አላቸው። ተዉት። አሁን ደግሞ እሑድ በጽዋ ማኅበራቸው ላይ ቆመው ለሚሸጠው እንክብል እንዲመሰክሩለት ይፈልጋል። እግሯ ቆስሎ አልድን ያላት ጎረቤታቸው ጥሩሸዋ፣ እሷም የስኳር ኪኒኗን ለመጣል የምትጠብቀው የእሳቸውን ቃል ነው።

"ሰለሞን፣ ያን ጊዜ የለካኸኝ መቼ ነበር?"

"ሐምሌ አምስት ነዋ።"

"የሐምሌ አቦ፣ ጾም የተፈታ ዕለት! ዱለቱን በልቼ፣ ጠላውን ጠጥቼ። ዛሬስ?"

"ዛሬማ... ነሐሴ አምስት።"

"ፍልሰታ ነው ልጄ! ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ከትናንት ወዲህ ውኃ እንኳ በአፌ አልዞረም። ታዲያ ስኳሬን ያወረደው ያንተ እንክብል ነው ወይስ የእመቤታችን ጾም?"

ሰለሞን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። "እትዬ፣ ይኼ እኮ ሳይንስ ነው።"

"የጤና ጣቢያዋ ልጅ ጣቴን ሳትነካ በፊት ምን እንደበላሁ ትጠይቀኛለች። አንተ መች ጠየቅኸኝ? በል እዚሁ ቆይ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እበላለሁ፤ ከዚያ ትለካኛለህ።"

"የመለኪያው ወረቀት አለቀብኝ።"

ቦርሳው አጠገባቸው ተከፍቶ ነበር። ውስጡ አንድ ሙሉ እሽግ ወረቀት ተቀምጧል። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ሆነ። እትዬ አዛለች ተናደዱ፤ ይበልጥ የተናደዱት ግን በራሳቸው ነው። ኪኒኑን የተዉት በገዛ እጃቸው ነዋ።

ጥሩሸዋ እያነከሰች ብቅ አለች። "እትዬ፣ ወረደልዎ?"

"ወርዷል" አሉ። የሰለሞን ፊት ፈካ። "ያወረደው ግን ጾሙ ነው። ኪኒንሽን እንዳትጥዪ። እኔም ጥፋቴን ልናገር ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፤ አብረን እንሂድ።"

ከዚያ የእንክብሉን ብልቃጥ ከሱቁ መደርደሪያ አንሥተው፣ አለቀ በተባለው ወረቀት ላይ አስቀመጡና ቦርሳውን ዘጉለት።