ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስህተት

ጆሮው የሚሉት ሰው ዓይነ ስውር ነው። ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በድምፅ በሚቀረጹበት ስቱዲዮ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንባቢዎችን ትንፋሽ ሲቆርጥ፣ ሳላቸውን ሲያወጣ ኖሯል። የሚሠራበትን ፕሮግራም የጻፈው፣ ኮድ ማንበብም ያስተማረው ዛሬ በሕይወት የሌለው የስቱዲዮው መሐንዲስ ነበር። ፕሮግራሙ ማውስ አይጠይቅም፤ በቁልፍ ብቻ ይታዘዛል፣ የሚሠራውንም ሁሉ በድምፅ ይናገራል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሲገባ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአዲስ ተተክተው ጠበቁት። አሮጌው ፕሮግራም አዲሱ ማሽን ላይ አልነሳ አለ። መሐንዲሱ ከተወው ኮድ እንደገና መገንባት ነበረበት። ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ግን እሱም አዲስ ነውና፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስህተት ቆጥሮ አሻፈረኝ አለ።

«አይድከሙ፤ ሌላ ፕሮግራም መጥቷል» አለች የክፍሉ ኃላፊ።

«ሞከርኩት። አይናገርም፤ ሥዕል ብቻ ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው ስልክ መቀበያው ጋ ቦታ ያዘጋጀሁልዎት። ከሚቀጥለው ሰኞ ይጀምራሉ።»

«እኔ የድምፅ አርታዒ ነኝ» አላት። «እስከ ዓርብ ይህን ወንበር የሚነካ የለም።»

ማታ ሚስቱ ነገሩን ሰምታ «ስልክ ማንሳትም ሥራ ነው» አለችው።

«ሥራ ነው። የእኔ አይደለም እንጂ።»

«ታዲያ እዚህ ተቀምጠህ እኔን ምን ትጨቀጭቀኛለህ? ሂድና እዚያው ተጣላቸው!»

በማግስቱ የኮምፒውተር ቴክኒሻኗ አዝናለት አጠገቡ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ምን አለፋዎት? ስህተቱን ችላ ብሎ እንዲያልፍ ኮምፓይለሩን ማዘዝ ይቻላል።» አዘዙት። ፕሮግራሙ ተገነባ፣ «ዝግጁ» ብሎም ተናገረ። ጆሮው የምዕራፉን የመጀመሪያ ትንፋሽ ሊቆርጥ ቁልፉን ሲጫን ግን ፕሮግራሙ ድርቅ ብሎ ቀረ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» አለ ጆሮው። «አንድ በአንድ እንየው።»

የማሽኑ ድምፅ ስህተቶቹን በጥድፊያ ያነብለታል፤ ለሌላ ሰው ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል፣ ለእሱ ግን ጥርት ያለ ቃል ነው። አሮጌው ኮምፓይለር ሳይነገረው የሚያውቀውን የትእዛዝ ስም፣ አዲሱ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ያፋጥጣል። ጆሮው ስሙ የመጣበትን ፋይል በአንድ መስመር ሲያስተዋውቀው ዘጠና ስህተት በአንዴ ረገፈ። ቴክኒሻኗ አጨበጨበች። ቀጥለው አንዱን ሲያርሙ ሌላ አምስት ብቅ አለ፤ ማንም አላጨበጨበም። ረቡዕ እንዲህ መሸ።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ቀረ። ድምፁ የሚቆረጥበትን ቦታ አስልቶ ቁጥር መመለስ ያለበት የኮዱ ክፍል፣ ትንፋሹ ምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ምንም ሳይመልስ ይወጣል። ማክሰኞ ፕሮግራሙን ያደረቀው ይኸው ነው። አሮጌው ኮምፓይለር አይቶ እንዳላየ ያልፈው ነበር፤ መቁረጫውም ቦታውን ስቶ ቃሉን ይነካ ነበር። ጆሮው እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። ስንት ዓመት የምዕራፍ መጀመሪያ ቃል እየተሸረፈ፣ እሱ «ጆሮዬ ደከመ» እያለ በእጁ ሲጠግን ኖሯል!

«ነፍስህን ይማርና፣ አንተ ሰውዬ» አለ ሟቹን፣ «የራሴን ጆሮ አሳማኸኝ!» እየሳቀ አረመው።

ዓርብ ኃላፊዋ መጣች። ጆሮው ማዳመጫውን ሰጥቷት፣ አንድ ምዕራፍ ከፍቶ ትንፋሹን ቆረጠ። የመጀመሪያው ቃል ሙሉ ሆኖ ወጣ።

ደግማ አዳመጠች። «ደህና፣ ይቆዩ እንግዲህ» አለች። «ግን ማሽኑ እንደገና ሲቀየርስ?»

«ያን ጊዜም እንጣላለን። ከመቀየራችሁ በፊት ግን የሚሠራበትን ሰው ጠይቁ።»

ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እሱም አልጠበቀም። ማዳመጫውን ከእጇ ተቀብሎ፣ በር ላይ ሳለች ሥራውን ቀጠለ።