ባዶው መስመር

የልጅ ልጃቸው ሥዕል በክልሉ ውድድር አንደኛ ወጥቶ፣ ከሌሎች አሸናፊዎች ጋር ስድስት ከተማ ሊዞር ነው። አያት ግን ደስታው አልዋጥላቸው አለ። ሊወስደው የመጣው የዐውደ ርእዩ ሠራተኛ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ በባትሪ እያበራ ጉድለቱን ይጽፋል።

«ቀኝ ጠርዝ ላይ ጭረት። ታች የተሰነጠቀ ቀለም።»

«ስማ አንተ፣ የመጣኸው ልትወስደው ነው ልታማው?»

«ደንቡ ነው እማማ። ሲመለስ ከዚህ ጋር እናስተያየዋለን።»

«እምዬ፣ በናትሽ አታሳፍሪኝ!» አለች ሠዓሊዋ፣ ፊቷ ቀልቶ።

አያት አልሰሟትም፤ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው። ከሁለቱ ጉድለቶች በታች ስምንት ባዶ መስመር ቀርቷል። መንገድ ላይ ሥዕሉ ቢቀደድ፣ እዚያ ላይ «ድሮም የተቀደደ ነበር» ብለው ለመጨመር የዐውደ ርእዩን ሰዎች ምን ይከለክላቸዋል?

«እዚህ ጋ ‹ሌላው በሙሉ ደህና ነው› ብለህ ጻፍ። የቀረውን መስመር ሰርዝና ፈርም። ቅጂውን ለእኔ።»

ሠራተኛው ሊስቅ ብሎ ወረቀቱን ሲያየው ሳቁን ተወ። «ስንት ዓመት ስሠራ ይህን የጠየቀኝ የለም፤» አለና የታዘዘውን ጽፎ ፈረመ።

አያት መነጽራቸውን አድርገው ቅጂውን ሁለቴ አነበቡ። «በል፣ ቀስ ብለህ አንሣው፤» አሉ። እሳቸውም አንዱን ጫፍ ይዘው እስከ መኪናው ድረስ አልለቀቁም።